ክንድ፣ ገመድና ሜትር፤ የተፈጥሮ ደኖቻችን አለካክ አጭር ታሪክ

ሰው ዛፍን ከመቁረጡ በፊት በዓይኑ ይለካዋል። ምሰሶ የሚሻው ቀጥ ያለውን፣ ሞፈር የሚሻው ጎበጥ ያለውን፣ ቀፎ የሚሰቅለው ደግሞ ቅርንጫፉ የሰፋውን ይመርጣል። ይህ የዓይን ልኬት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ሲሆን፣ ዓላማውም አንድ ዛፍ ለአንድ ሥራ መብቃቱን መለየት ነው። መንግሥት ደኑን «የእኔ ነው» ካለበት ጊዜ ጀምሮ ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። በዚህ ተራራ ላይ ስንት ዛፍ ቆሟል? ከዚያ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ ሳንቃ ይወጣል? ይህስ ለስንት ዓመት ይበቃል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ሥራ የደን ቆጠራ ይባላል። በአገራችን ስለ ደን መመናመን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ደን አለካክ የተጻፈው ግን ከባለሙያዎች ክበብ እምብዛም አልወጣም። ሁለቱ ጉዳዮች የሚለያዩ አይደሉም። ጠፋ የምንለውን መጠን ማወቅ የምንችለው አስቀድሞ የነበረው ተለክቶ ከሆነ ብቻ ነውና። ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ የተፈጥሮ ደኖች እንዴት እንደተለኩ፣ ለኪው ምን ይፈልግ እንደነበረ፣ ከመዝገቡ ውጭ የቀረውም ምን እንደሆነ በአጭሩ ለመመርመር የቀረበ ነው።

የገላ መለኪያና የመሬት ገመድ

ጥንታዊዎቹ የርዝመት መለኪያዎቻችን ከሰው ገላ የተወሰዱ ናቸው። ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ፣ እርምጃ ሁሉም ለኪው ራሱ ይዟቸው የሚዞር መሣሪያዎች ናቸው። የዛፍ ውፍረትም የሚነገረው በእቅፍ ነበር። «ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዝግባ» ሲባል ሰሚው የግንዱን ግዝፈት ወዲያው ይረዳል። እቅፍ በእርግጥም የግንድ ዙሪያ መለኪያ ነው፤ የዛሬው የደን ባለሙያ በግንዱ ላይ የሚጠመጥመው ሜትርም የሚለካው ይህንኑ ዙሪያ ነው።

የመንግሥት ልኬት የጀመረው ግን ከዛፉ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በደቡብ አገሮች የተዘረጋው ቃላድ መሬቱን በጋሻ እየከፈለ ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለወታደርና ለባላባት አደላደለ። አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ነበር። ገመዱ በደን መካከል ባለፈ ጊዜም የቆጠረው መሬቱን እንጂ በላዩ የቆመውን ዛፍ አልነበረም። ለግብር ሲባል መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ሲመደብ ደን የራሱ መደብ አላገኘም። በዚህ አመዳደብ ዓይን ደን ማለት ገና ያልታረሰ መሬት ማለት ነበር።

ይህ ሲባል ነገሥታቱ ስለ ዛፍ ፈጽሞ አላሰቡም ማለት አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጽድ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ ተራራ አስተክለዋል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ዙሪያዋን የነበረው ደን በማገዶና በቤት ሥራ እየተራቆተ ስለሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ችግሩን ስላቃለለው ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተቆረጠውም ሆነ የቀረው ዛፍ በቁጥር ተመዝግቦ አልተላለፈልንም። ይህ ክፍተት ኋላ በምን እንደተሞላ ወደ ፊት እንመለከታለን።

በደረት ቁመት

የቆመን ዛፍ ለሳንቃ መለካት የራሱ ሥርዓት አለው። ግንድ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ሁሉም ለኪ ከአንድ ከፍታ ላይ እንዲለካ ስምምነት ተደርጓል፤ ይኸውም ከመሬት 1.3 ሜትር ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ከፍታ «ደረት ቁመት» ይሉታል። ሳይንሳዊ በተባለው መለኪያ ውስጥም የሰው ገላ እንደ ጥንቱ ክንድ ቦታውን አልለቀቀም ማለት ነው። እንደ ቀረሮ ሥሩ ከመሬት በላይ እንደ ክንፍ የሚዘረጋ ዛፍ ሲያጋጥም ልኬቱ ከክንፉ በላይ ይደረጋል፤ ያለበለዚያ በክንፎቹ መካከል ያለው አየር ከእንጨት ይቆጠራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደረት ቁመት ዙሪያው 3.14 ሜትር የሆነ ዝግባ አለ እንበል። ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል የግንዱ ውፍረት 1 ሜትር ይሆናል፤ ግንዱ በዚያ ላይ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት 0.785 ሜትር ካሬ ነው። እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ያለው ቁመት 20 ሜትር ቢሆንና ግንዱ ከታች እስከ ላይ እኩል ቢወፍር ኖሮ 15.7 ሜትር ኩብ በወጣው ነበር። ግንድ ግን ስለሚቀጥን በማስተካከያ ቁጥር ይባዛል። ይህ ቁጥር 0.5 ነው ብንል 7.85 ሜትር ኩብ ይቀራል። ከዚህም ላይ በመሰንጠቂያው ጎኑ ተልጦ የሚወድቀውና ሰጋቱራ የሚሆነው ይቀነሳል። ሳንቃ፣ ጣውላና ሞራሌ ሆኖ ወደ ከተማ የሚገባው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው።

ቁመቱን ለማወቅ ዛፉ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ለኪው ከግንዱ በታወቀ ርቀት ቆሞ ወደ ጫፉና ወደ ሥሩ ያለውን ማዕዘን በክሊኖሜትር ያነባል፤ የቀረው የሒሳብ ሥራ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን ትንሽ ስሕተት ቶሎ ይወፍራል። በውፍረት ላይ 10 በመቶ የተሳሳተ ሰው በእንጨቱ ይዘት ላይ 21 በመቶ ይሳሳታል። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የተዘረጋ የ100 ሜትር ገመድ በካርታ ላይ የሚሸፍነው 86.6 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያላስተካከለ ቡድን የደኑን እንጨት በ13 በመቶ ያህል አሳንሶ ይመዘግባል። ጽድ ደግሞ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ልቡ በፈንገስ የበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ሜትሩ ሙሉ ነው ያለው ግንድ በመጋዝ ሲከፈት ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

በሺህ ሄክታር በሚቆጠር ደን ውስጥ እያንዳንዱን ዛፍ መለካት ስለማይቻል ሥራው በናሙና ይሠራል። በካርታ ላይ እኩል የተራራቁ ቀጥተኛ መስመሮች ይሰመራሉ። ቡድኑ በኮምፓስ እየተመራ፣ ቁጥቋጦውን እየመነጠረ ይጓዛል፤ በየተወሰነው ርቀት የናሙና ቦታ ከልሎም በውስጡ ያለውን ዛፍ ስሙን፣ ዙሪያውንና ቁመቱን ይመዘግባል። ከመቶ አንድ እጅ ተለክቶ ስለ ዘጠና ዘጠኙ ይፈረዳል። ስለዚህም መስመሩ ገደል ወይም ረግረግ ሲገጥመው ወደሚመቸው መንገድ ዞር ማለት ክልክል ነው። ለኪው የሚቀናውን ብቻ ከመረጠ ደኑ በሙሉ ለመቆረጥና ለመጓጓዝ የሚቀና ሆኖ በመዝገብ ይታያል።

በዚህ ቡድን ውስጥ በዘገባ ላይ ስማቸው የማይጠቀስ ሰዎች አሉ። የእጽዋት ሊቅ ዛፍን ለመለየት ቅጠልና አበባ ይሻል፤ በ30 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቅጠል ግን ከታች ሆኖ አይለይም። ቅርፊቱን ጫር አድርጎ በጠረኑና በቀለሙ የሚያውቀው የአካባቢው ነዋሪ ነው። አማርኛ ዝግባ የሚለውን ኦሮምኛ ቢርቢርሳ ይለዋል፤ ጽድ ጋቲራ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ዋንዛ ዋዴሳ ነው። የመንግሥት መዝገብ የዛፉን ስም የሚያገኘው ከእነዚህ ሰዎች አንደበት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከቅኝት ወደ ቆጠራ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪ ኃይል ለመንገድ፣ ለድልድይና ለሰፈር ሥራ ብዙ እንጨት ይፈልግ ስለነበር ጽድና ዝግባ በብዛት ተቆረጡ። ከነጻነት በኋላ ሎጋን የተባለ የደን ባለሙያ የመካከለኛውንና የደቡብ ኢትዮጵያን ደኖች የሚያስተዋውቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1946 በኦክስፎርድ አሳተመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፎን ብራይተንባኽ ስለ አገር በቀል ዛፎች የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። እነዚህ ሥራዎች የደን ዓይነቶችን፣ የሚበቅሉበትን ከፍታና ስርጭታቸውን በመለየት መሠረት የጣሉ ናቸው። የቆመውን እንጨት በመላ አገሪቱ በናሙና መለካት ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች ወጡ። ይሁን እንጂ ብዙው ደን በግለሰቦች ይዞታ ስር ስለነበረና ወሰን የሚከልል የሠለጠነ ኃይል ስላልነበረ፣ «የመንግሥት ደን» የሚለው ቃል በመሬት ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ጸንቶ ቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ሁኔታው በአንድ ጊዜ ተለወጠ። መንግሥት የሰፊ ደኖች አስተዳዳሪ ሆነ፤ የያዘው ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ቆጠራ በሁለት መሣሪያዎች ታግዟል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን የተወው የአየር ፎቶግራፍና ካርታ ነው። ሁለተኛው ቀደም ብለን የገለጽነው የናሙና ልኬት ነው። የእንግሊዝ የመሬት ሀብት ልማት ማዕከል ባለሙያዎች የሙኔሳንና የሻሸመኔን ደን ቆጠሩ፤ የደቡብ ምዕራብ ደኖችን ደግሞ በቅኝት ደረጃ አጠኑ። የቅኝቱ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በስዊድን ድጋፍ የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ስለነበር፣ ሜትሩንና ኮምፓሱን የሚይዙ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሽያኖች በየዓመቱ ይወጡ ጀመር።

በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ የሚገኘው የሙኔሳ-ሻሸመኔ ደን የዚህን ዘመን አሠራር ያሳያል። ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨትና ብሳና በአንድነት የሚበቅሉበት ይህ ደን ለመሰንጠቂያዎች ግንድ ሲያቀርብ የኖረ ነው። የተፈጥሮ ደኑ በተመነጠረባቸው ስፍራዎች የፈረንጅ ጽድ፣ ባሕር ዛፍና ፓይን ተተክሏል። የእነዚህ ተከላዎች ዕድሜ ስለሚታወቅ እድገታቸውን ማስላት ቀላል ነው። የተፈጥሮው ደን ግን ሁሉንም ዕድሜ አደባልቆ የያዘ በመሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር አይበቃውም። በጎተራ ያለውን እህል የሰፈረ ሰው ማሳው በየዓመቱ የሚሰጠውን ምርት አላወቀም። ምን ያህል ቢቆረጥ ደኑ ይተካዋል የሚለውን ለመመለስ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ተለይተው፣ ዛፎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና መለካት አለባቸው።

ያልተለካው 40 በመቶ

ስለ ኢትዮጵያ ደን ከተነገሩት ቁጥሮች ሁሉ የታወቀው ማንም ያልለካው ነው። «በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ከአገሪቱ 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አነጋገር በትምህርት መጽሐፍ፣ በዘገባና በንግግር ለብዙ ዓመታት ተደግሟል። አንዳንዱ 35 በመቶ ይለዋል። ከዚያ ቀጥሎ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) 16 በመቶ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 3.6 በመቶ፣ በ1989 ደግሞ 2.7 በመቶ የሚሉ ቁጥሮች ይደረደራሉ።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ተረክ ምንጭ መርምሮ መነሻው በልኬት ላይ ያልቆመ መሆኑን አሳይቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቃላድ መሬትን እንጂ ዛፍን እንዳልቆጠረ ከላይ ተመልክተናል፤ የአየር ፎቶግራፍም አልነበረም። በተጨማሪም በተከታታይ የተጠቀሱት ቁጥሮች አንድን ነገር የሚለኩ አይደሉም። አንዱ ረጃጅም ዛፎች የሞሉበትን ጥቅጥቅ ደን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ቁጥቋጦውንና ጫካውን ይጨምራል። ክንድን ከስንዝር ቀንሶ ልዩነቱን ኪሳራ ማለት አይቻልም።

ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በሙኔሳም ሆነ በደቡብ ምዕራብ ደኖች የደረሰው መመናመን በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል የሚታይ ሐቅ ነው። ያልተለካው ቁጥር ጉዳት ሌላ ነው። ጥፋቱ በመላ አገሪቱ እኩል እንደወረደ አድርጎ ስለሚያቀርበው የትኛው ደን፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን ውሳኔ እንደተቆረጠ መጠየቅን ያስቀራል። ጣቱም ሁልጊዜ ወደ ገበሬው መጥረቢያ ይቀሰራል። ግዙፍ ግንድ የጫነው መኪናና የተመነጠረው ሰፊ እርሻ ከታሪኩ ይወጣሉ።

ወሰኑና ሰዉ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 58 ደኖች በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተብለው ተለዩ። ይህን ተከትሎ የተካሄደው የወሰን ክለላ በብዙ ስፍራ ነዋሪውን ሳያማክር የተሠራ ነበር። የገበሬው ማሳና ግጦሽ ከመስመሩ ውስጥ ገባ፤ እንዲነሣ የተደረገም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ በልዩ ልዩ አካባቢዎች የተከለለው ደን ተቆረጠ፣ ተቃጠለም። የወሰን ድንጋዩ ለነዋሪው የባዕድ ምልክት ሆኖበት ነበርና ሊጠብቀው አልተነሣም።

ይህ ለምን እንደደረሰ ለመረዳት የቆጠራውን ቅጽ መመልከት ይጠቅማል። በቅጹ ላይ የዛፉ ስም፣ ዙሪያውና ቁመቱ ይገኛሉ። በካፋና በሸካ ግን አንድ ዛፍ ቀፎ ይሰቀልበታል፤ ኮቦ በተባለው ባህላዊ ሥርዓትም ቀፎ የሚሰቀልበት ደን ባለቤቱ የታወቀ ነው። ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ። ለመንግሥት 8 ሜትር ኩብ የሆነው ግንድ ለነዋሪው የዓመት ማር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ወደ ዋና ከተማ የተላከው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባ፣ ጽድ፣ ኮሶና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ቆጣሪዎች ለመሰንጠቂያ ሲሉ በቀዳሚነት ይመዘግቧቸው ከነበሩት ዛፎች ዋነኞቹ በሕግ የሚጠበቁ ሆኑ።

የወሰን ልኬት ከነዋሪው ጋር ሲደረግ ውጤቱ ምን እንደሚመስል በባሌ የአዳባ-ዶዶላ ደን አሳይቷል። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የተመሠረቱት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በኦሮምኛ ምሕጻር «ዋጂብ» የሚባሉት፣ የተከለለ ደን በውል ተረከቡ። ልኬቱ የተመሠረተው ደኑ ስንት ቤተሰብ ሊሸከም ይችላል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ተሰልቶ፣ አንድ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ፣ ይዞታውም ከ360 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚህ ስሌት ሰው የቆጠራው አካል ሆነ።

ከሳንቃ ወደ ካርቦን

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ በመላ አገሪቱ የደን ቆጠራ ተካሂዷል። በናሙና ቦታው የሚደረገው ሥራ ለሙኔሳ ቆጣሪዎች እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር፤ ሜትሩ ዛሬም በ1.3 ሜትር ከፍታ ይጠመጠማል። የተለወጠው ጥያቄው ነው። ከውፍረቱና ከቁመቱ ላይ የእንጨቱ እፍጋት ተጨምሮ ዛፉ የያዘው ካርቦን ይሰላል። ቀድሞ ተቆርጦ ዋጋ ያወጣ የነበረው ግንድ አሁን ቆሞ ዋጋ እንዲያወጣ ታስቧል።

እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተዘገበው የአገሪቱ የደን ሽፋን 11 በመቶ ያህል ነበር። በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው ሰነድ ደግሞ የ2013ን ሽፋን 15.5 በመቶ አደረገው። በመካከሉ ተራሮቻችን በአዲስ ደን አልተሸፈኑም። በ2015 ደን የሚለው ቃል ትርጉም ተሻሽሎ ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የአክሊል ሽፋን ያለው፣ ቀርከሃንም የሚጨምር እንዲሆን ተደረገ። በአዲሱ ትርጉም ቀድሞ ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ሰፋፊ ጫካዎች ደን ሆኑ። ትርጉሙ ለዘመኑ ሥራ ምክንያታዊ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ደናችን አደገ» ማለት ግን በአርባ በመቶው የተሠራውን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቁጥር ያለ ጠያቂ አለመወለዱን ነው። ቃላዱ ግብር ጠየቀ፤ የ1970ዎቹ ሜትር ሳንቃ ጠየቀ፤ የዛሬው ካርቦን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ለጥያቄው የሚሆነውን መልስ ከደኑ አገኘ፤ ያልተጠየቀው ደግሞ በዝምታ ቀረ። ስለዚህ የደን ቁጥር በተነገረን ቁጥር ማን ለካው፣ መቼ ለካው፣ ደን ያለውስ ምኑን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ቁጥሩ በልኬት ያልተገኘ ከሆነም ግምት መሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል።

በዚህ ረገድ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያበረክቱት ቀላል አይደለም። ደራሲና ሠዓሊ በቅጹ ላይ ቦታ ያላገኘውን ማር፣ ጥላና ስም መመዝገብ ይችላሉ። መምህርም አርባ በመቶውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት ተማሪዎቹን ወደ ግቢው ዛፍ ይውሰዳቸው። አንድ ሲባጎ በደረታቸው ቁመት ይጠምጥሙ፤ ርዝመቱን ለ3.14 ያካፍሉ፤ ውጤቱን ከነቀኑ በደብተራቸው ያስፍሩ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ዛፍ በዚያው ከፍታ ይለኩት። በሁለተኛው ልኬት ላይ የሚታየው ልዩነት ትንሽ ቢሆንም እርግጠኛ ነው፤ ተማሪው ስለ ዛፍ እድገት ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ ያገኘው ቁጥር ይሆናል።